ትንሽ ሜዳ፣ ብዙ ኳስ፦ ጀማሪ ሕፃናትን የማሰልጠን ጥያቄ ሲዳሰስ

የቤልጂየም እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሕፃናትና የታዳጊዎች ግጥሚያዎች በካሜራ ተቀርጸው እንዲመረመሩ ለሉቨን ዩኒቨርሲቲ ሥራ ሰጠ። 1,500 ያህል ግጥሚያዎች ተቀረጹ። የፌዴሬሽኑ የቴክኒክ ዳይሬክተር የነበረው ሚሼል ሳብሎን በኋላ ለጋዜጠኞች እንደገለጸው፣ ከ8 እና ከ9 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በግማሽ ሰዓት ውስጥ ኳስ የሚነኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ልጁ ማልያ ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ፣ ወላጆቹን አስከትሎ ሜዳ ገብቷል፤ ኳስ ግን አልተጫወተም።

ጀማሪ ሕፃናትን ስለማሰልጠን የሚነሳው ክርክር ሁሉ የሚዞረው በዚህ ዙሪያ ነው። ስንት ልጅ ከስንት ልጅ ጋር ይጫወት? ሜዳው ምን ያህል ይሁን? በረኛ ያስፈልጋል? ውጤት ይያዝ? አሰልጣኙ መቼ ይናገር፣ መቼስ ዝም ይበል? ብዙ ፌዴሬሽኖች እየዋሉ እያደሩ ወደ አንድ መልስ ተጠግተዋል፤ ጀማሪ ልጅ በጠባብ ሜዳ ላይ ከጥቂት ልጆች ጋር ይጫወት የሚል። መልሱ ከየት እንደመጣ፣ ምን ማስረጃ እንዳለው፣ የሚቃወሙት ምን እንደሚሉና ለእኛ ምን እንደሚበጅ ማየት ተገቢ ነው። የእኔ አቋም ከወዲሁ ግልጽ ይሁን። የሕፃናት ሥልጠና ሊመዘን የሚገባው በአንድ ጥያቄ ነው፦ እያንዳንዱ ልጅ፣ ደካማው ጭምር፣ ኳስ ይዞ በራሱ ጭንቅላት የወሰነው ስንት ጊዜ ነው?

ሒሳቡና ማስረጃው

ከምርምሩ በፊት ተራ ሒሳብ አለ። 24 ልጆች ሜዳ መጡ እንበል። ለሁለት ተከፍለው 12 ለ 12 ቢገጥሙ የሚጫወቱባት ኳስ አንዲት ናት። አራት ጠባብ ሜዳ ተሰምሮ 3 ለ 3 ቢጫወቱ ግን ኳሶቹ አራት ይሆናሉ። በ40 ደቂቃ ጨዋታ ውስጥ፣ ኳሷ አንዴም ከሜዳ ባትወጣ እንኳ፣ በመጀመሪያው መንገድ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው ድርሻ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። በሁለተኛው ከስድስት ደቂቃ ተኩል ያልፋል። በዚያ ላይ ትልቁ ሜዳ ድርሻውን እኩል አያከፋፍልም። ፈጣኑና ጉልበተኛው ልጅ የሌሎቹንም ይወስዳል፤ ዓይን አፋሩ ከመስመሩ አጠገብ ቆሞ ጨዋታው ያልቃል። 3 ለ 3 ላይ መደበቂያ ቦታ የለም፤ ኳሷ ፈልጋ ታገኘዋለች።

በእንግሊዝ የማንቸስተር ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲው ሪክ ፌኖሊዮ በማንቸስተር ዩናይትድ አካዳሚ ከ9 ዓመት በታች ያሉ ልጆች 4 ለ 4 ሲጫወቱና 8 ለ 8 ሲጫወቱ አነጻጽሮ ነበር። በ4 ለ 4 ጨዋታ ቅብብሉ በ135 በመቶ፣ ወደ ጎል የሚደረገው ሙከራ በ260 በመቶ፣ የአንድ ለአንድ ግጥሚያው በ225 በመቶ፣ የአብዶ ሙከራው በ280 በመቶ ከፍ አለ። ጎሉማ በ500 በመቶ ነበር የጨመረው። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ የተደረጉ ጥናቶችም በዚህ ነጥብ ይስማማሉ። የተጫዋቹ ቁጥር ሲቀንስ እያንዳንዱ ልጅ ኳስ የሚነካበት ጊዜ ይበዛል፤ ልብ ምቱም ከፍ ይላል።

ሁለተኛው ማስረጃ ከትምህርት ዘዴ የመጣ ነው። በ1982 በእንግሊዝ የላፍቦሮ ዩኒቨርሲቲ መምህራኑ ዴቪድ በንከርና ሮድ ቶርፕ የተለመደውን የስፖርት አስተማሪዎች ቅደም ተከተል ተቹ። ልማዱ መጀመሪያ ቴክኒክ፣ ቀጥሎ ጨዋታ ነበር። ተማሪው ኳስ መምታት ይማራል፤ መቼና ለምን እንደሚመታ ግን አያውቅም። እነሱ ያቀረቡት የተገላቢጦሹን ነበር። ጨዋታው ለልጁ አቅም ተለክቶ ይቅለል፤ ልጁ በጨዋታው ውስጥ ችግር ይግጠመው፤ ቴክኒኩ መፍትሔ ሆኖ ይምጣ። በኮን መካከል ተሰልፎ ኳስ የሚገፋ ልጅ ከኮን ያመልጣል፤ ኮን ግን እግር አይዘረጋም። ሊቀማው የሚመጣን ልጅ ማለፍ ሌላ ችሎታ ነው፤ ቀና ብሎ ማየትን፣ መገመትንና መድፈርን ይጠይቃል።

ሦስተኛው የልጁ ቁመት ነው። የአዋቂዎች ጎል ስፋቱ 7.32 ሜትር፣ ከፍታው 2.44 ሜትር ነው። የ7 ዓመት ልጅ ቁመት 1.20 ሜትር ገደማ ስለሆነ የጎሉን እኩሌታ ያህል ብቻ ነው። እዚያ በረኛ ሆኖ የሚቆም ሕፃን ከራሱ በላይ የሚያልፈውን ኳስ ከማየት በቀር የሚያደርገው የለም። 105 በ68 ሜትር የሆነ ሜዳ ለ22 ሰው ሲካፈል ለአንዱ ከ320 ካሬ ሜትር በላይ ይደርሳል፤ ያን ያህል ቦታ ለአጭር እግር ሩጫ እንጂ ጨዋታ አይሆንም።

ማስረጃውን ከሚገባው በላይ ማግነን ደግሞ አይገባም። የኳስ ንክኪ መብዛቱ ብቻውን ትልቅ ተጫዋች አያወጣም። ቤልጂየም በ2015 የዓለም አንደኛ ደረጃ ላይ መቀመጧ፣ በ2018 የዓለም ዋንጫ ሦስተኛ መውጣቷ ብዙ ጊዜ የሕፃናትን ጨዋታ ወደ ጠባብ ሜዳ ላመጣችበት ለውጥ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ነገር ግን የክለቦች አካዳሚዎች፣ የስፖርት ትምህርት ቤቶች፣ በወጣትነታቸው ወደ ውጭ ሊጎች የሄዱ ተጫዋቾችም ድርሻ ነበራቸው። በእርግጠኝነት የምንለው ከዚያ ያነሰ ቢሆንም ለሕፃን በቂ ነው፦ በጠባብ ሜዳ ልጁ ብዙ ይጫወታል፣ ብዙ ይወስናል፣ ብዙ ጎል ያገባል።

አገሮቹ የሄዱበት መንገድ

ሆላንድ ቀዳሚ ናት። በአሰልጣኝ ሪኑስ ሚኸልስ ዘመን ፌዴሬሽኗ 4 ለ 4 ጨዋታን የሥልጠናው መሠረት አደረገ። ምክንያቱ ቀላል ነበር፤ ማጥቃት፣ መከላከል፣ ወደ ጎን መስፋት፣ ወደፊት መሄድ፣ ሁሉም ሳይጎድሉ የሚገኙበት ትንሹ ጨዋታ እሱ ነው። በ2017 ደረጃው የበለጠ ተዘረዘረ፤ ከ7 ዓመት በታች 4 ለ 4፣ ቀጥሎ 6 ለ 6፣ ቀጥሎም 8 ለ 8 ሆነ። ቤልጂየም ከ2 ለ 2 ተነስታ በ5 ለ 5 እና በ8 ለ 8 አልፋ ወደ 11 የሚያደርስ መሰላል ዘረጋች፤ ለትንንሾቹ የደረጃ ሰንጠረዥን ሰረዘች።

እንግሊዝ በ2012 በድምፅ ብልጫ አሠራሯን ለወጠች። ከ7 እና ከ8 ዓመት በታች 5 ለ 5፣ ከ9 እና ከ10 በታች 7 ለ 7፣ ከ11 እና ከ12 በታች 9 ለ 9። ቀጥሎም ከ2026/27 ጀምሮ ከ7 ዓመት በታች ያሉት 3 ለ 3 እንዲጫወቱ ተወሰነ። አሜሪካ በ2017 ከ8 ዓመት በታች ያሉትን ሁሉ ያለ በረኛ 4 ለ 4 እንዲጫወቱ ደነገገች፤ ሜዳቸው ርዝመቱ ከ23 እስከ 32 ሜትር፣ ወርዱ ከ14 እስከ 23 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ለ10 ዓመትና ከዚያ በታች ቴስታ ተከልክሏል።

ለውጡን በስፋት ተግባራዊ ያደረገችው ጀርመን ናት። ከ2024/25 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ከ7 ዓመት በታች 2 ለ 2 ወይም 3 ለ 3 በአራት ትንንሽ ጎሎች፣ ከ9 በታች ከ3 ለ 3 እስከ 5 ለ 5፣ ከ11 በታች ከ5 ለ 5 እስከ 7 ለ 7 ይጫወታሉ። የአራቱ ጎል ሐሳብ ከሆርስት ቫይን የመጣ ነው። ቫይን ከሜዳ ሆኪ ወደ እግር ኳስ የተሻገረ ጀርመናዊ መምህር ሲሆን ፉኒኖ ብሎ የሰየመው ጨዋታ 3 ለ 3 ነው። እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ትንንሽ ጎል ይጠብቃል፤ ሁለት ጎል ያጠቃል። ከጎሉ ፊት ለፊት ከተሰመረው ክልል ውጭ የተመታ ኳስ አይቆጠርም። አንዱ ጎል በተከላካዮች ሲዘጋ ሌላው ክፍት ይሆናል፤ ልጁ ይህን ለማየት ቀና ማለት አለበት። ቀና በል ብሎ የሚጮህ አሰልጣኝ ሳያስፈልግ ጨዋታው ራሱ ቀና ያደርገዋል።

የሚቃወሙት ምን ይላሉ?

ተቃውሞው ከታወቁ ሰዎችም መጥቷል። በ2023 የቦሩሲያ ዶርትሙንዱ ኃላፊና በወቅቱ የጀርመን ፌዴሬሽን ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረው ሃንስ ዮአኪም ቫትስከ ለውጡን በብርቱ ነቅፏል። በልጅነቱ ሽንፈትን ያልቀመሰ ሰው የማሸነፍን ኃይል ከየት ያገኛል የሚል ነበር ሙግቱ። ብዙ ወላጆችም የሚሉት ይህንኑ ነው።

ሙግቱ ቀላል አይደለም፤ ግን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ያቀላቅላል። አንደኛው የሜዳውና የቡድኑ መጠን ነው፤ ሌላው ውድድሩ ነው። በኡራጓይ ቤቢ ፉትቦል የሚባለው የሕፃናት ጨዋታ ለአሥርተ ዓመታት በጠባብ ሜዳ የሚካሄድ ቢሆንም ፉክክሩ የጋለ ነው፤ ሉዊስ ሱዋሬዝና ኤዲንሰን ካቫኒ ያደጉት በዚያ ነው። ኖርዌይ በሌላው ጫፍ ትገኛለች። በሕፃናት የስፖርት መብት ድንጋጌዋ መሠረት ከ11 ዓመት በፊት የውጤት ዝርዝርና ሰንጠረዥ አይወጣም። ሁለቱም አገሮች የተጫዋች ችግር የለባቸውም። ስለዚህ ሜዳን ማጥበብ ፉክክርን ማጥፋት አይደለም። እንዲያውም በጀርመኑ አሠራር አጫጭር ጨዋታዎች ይካሄዱና ያሸነፈው ቡድን ወደሚቀጥለው ሜዳ ይወጣል፤ የተሸነፈው አንድ ሜዳ ይወርዳል። አንድ ልጅ በአንድ ከሰዓት ደጋግሞ ያሸንፋል፣ ደጋግሞም ይሸነፋል። በትልቁ ሜዳ 12 ለ 0 ተሸንፎ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሕፃን ከሽንፈት የተማረው ምንድን ነው? በአቻው ተሸንፎ ከደቂቃዎች በኋላ ዳግም የሚሞክረው ልጅ ነው ጽናትን የሚማረው።

የደረጃ ሰንጠረዥ የሚጎዳው ከልጁ በፊት አሰልጣኙን ነው። ነጥብ የሚሰበስብ አሰልጣኝ ትልልቆቹን ልጆች ይመርጣል፤ ደካሞቹን ወንበር ላይ ያስቀምጣል፤ ተከላካዮቹ ኳሷን እንዲያርቁ ያዛል። ተመራማሪው ሄልሰንና ባልደረቦቹ በ2005 ባሳተሙት ጥናት በአውሮፓ ወጣት ቡድኖች ውስጥ በምርጫው ዓመት መጀመሪያ ወራት የተወለዱት ከመጠን በላይ በዝተው አግኝተዋቸዋል። በስምንት ወር የሚበልጥ ልጅ ባለ ተሰጥኦ ይመስላል፤ ታናሹ ሳይታይ ይቀራል። የልደት ማስረጃ በማይሟላበት አካባቢ ደግሞ መለኪያው ቁመትና ጉልበት ብቻ ይሆናል።

ሌላው ተቃውሞ የቅብብል ነው። 3 ለ 3 ላይ ልጆቹ ኳሷን ብቻቸውን ይገፋሉ፤ አያቀባብሉም ይባላል። እውነት ነው፤ ይህ ግን ጉድለት አይደለም። የ6 ዓመት ልጅ እንደ ንብ መንጋ ኳሷን ከሚከብቡት አንዱ ነው። ጓደኛው የት እንደቆመ አስቦ ቦታ መያዝ ገና ይከብደዋል። እሱን አቀብል እያሉ መጮህ ከእግሩ ሥር ያለችውን ኳስ እንዲፈራ ማድረግ ነው። መጀመሪያ ኳሷን ይውደዳት፤ አብዶ ይሥራ፤ ይቀማ፤ ይቀሙት። ከ8 ዓመት ወዲያ፣ በ5 ለ 5 እና በ7 ለ 7፣ ብቻውን ማለፍ ሲያቅተው የጓደኛውን ጥቅም ራሱ ያገኘዋል። በስድስት ዓመቱ ግለኛ የተባለ ልጅ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ልጅ መሆኑ ነው።

የአሰልጣኙ ሥራ

ጠባብ ሜዳ አስምሮ ዳር መቆም ሥልጠና አይደለም። የአሰልጣኙ ሙያ ጨዋታውን መንደፍ ላይ ነው። ሊቀይራቸው የሚችላቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። ሜዳውን ሲያሰፋው ልጆቹ በጎን በኩል ማለፍን ያገኛሉ፤ ሲያጠበው ጠጋ ያለውን ተጫዋች በአብዶ ማለፍ ግድ ይላቸዋል። ጎሉን ትቶ ኳሷን እየገፉ መስመር ማቋረጥን ጎል ቢያደርግ መግፋትን ያስተምራል። 3 ለ 2 ሲያጫውት ትርፍ ሰው መፈለግን ያሳያል። አንዱ ቡድን ደጋግሞ ሲያሸንፍ አንድ ልጅ ወደ ሌላው ያሻግራል። ኳስ ከሜዳ ስትወጣ በእጅ ከመወርወር በእግር እየገፉ ማስገባት ቢፈቅድ የጨዋታ ጊዜ አይባክንም።

የአንድ ሰዓት ሥልጠና ለ6 እና ለ7 ዓመት ልጆች እንዲህ ሊደራጅ ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ልጆች እንደደረሱ 1 ለ 1 ይጀምሩ፤ ሌሎች ሲመጡ 2 ለ 2 እና 3 ለ 3 ይሁን። ማንም ሰው እስኪሞላ አይጠብቅም። ከ15 ደቂቃ በኋላ አሰልጣኙ አንድ ችግር ያለበት ጨዋታ ያቀርባል፤ ለምሳሌ አራት ጎል፣ ወይም 2 ለ 1። ይህ 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። የቀረው ጊዜ ነፃ ጨዋታ ነው። የአሜሪካ ፌዴሬሽን ይህንኑ ቅደም ተከተል ጨዋታ፣ ልምምድ፣ ጨዋታ ብሎ ለአሰልጣኞቹ ያስተምራል። አንዱ ዙር ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ቢሆን ይበቃል፤ ሕፃን አጭር ይሮጣል፣ ቶሎ ያርፋል፣ ቶሎም ይነሳል። ኳሷ ቁጥር 3 ትሁን፤ የአዋቂዎቹ ቁጥር 5 ለትንሽ እግር ከባድ ናት።

በረኛን በተመለከተ እስከ 8 ዓመት ድረስ ባይኖር ይመረጣል። በረኛ የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ የማይሮጠው ወይም የተናቀው ልጅ ነው፤ ከሁሉ በላይ ኳስ የሚያስፈልገው ደግሞ እሱ ነው። በረኛ ሲጀመርም ሁሉም በተራ ይቁም።

ከሁሉም የሚከብደው ዝምታው ነው። ልጁ ኳስ ይዞ ሳለ ከዳር የሚመጣ ትእዛዝ ውሳኔውን ይነጥቀዋል። ግራ አለ፣ ቀኝ አለ፣ ምታ አለ፤ ልጁ እግሩን አዋሰ እንጂ አልተጫወተም። አሰልጣኙ የሚናገረው በእረፍት ነው፤ ቢጠይቅ ደግሞ ይበልጣል። የትኛው ጎል ክፍት ነበር? ሁለት ሆነው ሲመጡብህ ምን ማድረግ ትችል ነበር? የ7 ዓመት ልጅ ይህን መመለስ ይችላል፤ በሚቀጥለው ዙርም መልሱን ይሞክረዋል። ለወላጆችም አንድ ደንብ ቢኖር ጥሩ ነው፦ ማጨብጨብ እንጂ ማዘዝ የለም።

ወደ እኛ ሜዳ ስንመጣ

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ሁሉ እንግዳ ነገር አይደለም። የካልሲ ኳስ፣ ሁለት ድንጋይ ጎል፣ ሦስት አራት ልጆች በየወገኑ፤ የሰፈር ኳስ ማለት ይህ ነበር። ዳኛ አልነበረም፤ ሪጎሬም በክርክር ይወሰን ነበር። አብዶ የሚሠራ ልጅ በሰፈር ስም ያወጣ ነበር። አውሮፓውያን በጥናትና በድንጋጌ የሚያደራጁት ጨዋታ በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና በጎንደር መንደሮች ማንም ሳያዝ ሲካሄድ ኖሯል። ዛሬ ክፍት ቦታዎች በሕንፃና በመንገድ እየተያዙ፣ መኪናውም እየበዛ ልጁ የሚጫወትበት ጠፍቷል። በሰፈር ሳያውቀው ይማር የነበረውን አሁን አንድ ሰው አስቦ ሊያዘጋጅለት ይገባል።

ያ ሰው ብዙ ጊዜ የታዳጊዎች ፕሮጀክት አሰልጣኝ ነው። ሠላሳ አርባ ልጅ፣ ሁለት ወይም ሦስት ኳስ፣ የተሟላ ሜዳ የለም። በዚህ ሁኔታ ልጆችን አሰልፎ ተራ ማስጠበቅና ሜዳ ማስዞር የሚያጓጓው ሥርዓት የያዘ ስለሚመስል ነው። ተራ የሚጠብቅ ልጅ ግን ጊዜውን የሚያጠፋው ቆሞ ነው። ሁለት ኳስ ካለ ሁለት ጠባብ ሜዳ ይቻላል። 4 ለ 4 ሲጫወቱ አሥራ ስድስት ልጅ ሜዳ ላይ ነው፤ የቀሩት በሦስት ደቂቃ ይቀይራሉ። የጨርቅ ኳስ ከተጨመረ ሦስተኛ ሜዳ ይከፈታል። ከሰፈር የወረስነውን ጎል የገባበት ይወጣል የሚለውን ልማድ ግን በሥልጠና ላይ መተው ይሻላል። ጎበዙ እየቆየ ሲጎብዝ ደካማው እየወጣ ይቀራል። በሰዓት መቀያየር ሁሉንም እኩል ያጫውታል። ሰፈር ላይ ዳር ቆመው ይመለከቱ የነበሩ ሴት ልጆችም ቡድኑ ሲያንስና ተራው በሰዓት ሲሆን በቀላሉ ይገባሉ።

በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች በሌላ በኩል ይፈተናሉ። ቅዳሜ ጠዋት ልጃቸውን ይዘው ሲሄዱ የሚያዩት 4 ለ 4 ነው፤ በረኛ የለም፣ ሰንጠረዥ የለም። ይሄ ኳስ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ያለ ነው። አዎ፣ ነው፤ እነሱ ራሳቸው በልጅነታቸው የተጫወቱት ነው። ብዙዎቹ ከዳር ተመልካችነት ወደ በጎ ፈቃድ አሰልጣኝነት ይሸጋገራሉ። ከሰፈር ያመጡት የአብዶ ፍቅር ለእነዚያ ልጆች ትልቅ ስጦታ ነው፤ ጩኸቱን ብቻ ይተውት።

በአገር ቤት የሚቀረው ሥራ የውድድር አዘጋጆች ነው። ከ10 ዓመት በታች የሚካሄድ ማንኛውም ውድድር፣ በትምህርት ቤትም ሆነ በወረዳ፣ ከ5 ለ 5 እንዳይበልጥ፣ እያንዳንዱ የተመዘገበ ልጅ ቢያንስ የጨዋታውን እኩሌታ እንዲጫወት፣ ዋንጫው ቀርቶ ብዙ አጫጭር ጨዋታ እንዲዘጋጅ በውድድሩ ደንብ ቢጻፍ ገንዘብ አያስወጣም። ለውድድሩ የሚያዘው ሜዳ በኖራ አራት ቦታ ይከፈላል። አሰልጣኙም የሚያሰለጥነው ለተጻፈለት ውድድር ስለሆነ ደንቡ ሲለወጥ ሥልጠናው ይከተላል። ያን ጊዜ የዕድሜ ማጭበርበሩም፣ ትንሹን ልጅ ወንበር ላይ ማስቀመጡም ትርፍ ያጣል፤ አሰልጣኙ የሚኮራበት ነገርም ሁሉም ልጆቹ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሰው መምጣታቸው ይሆናል።